ከዛር ቤት እስከ ኦርኬስትራ፤ ስለ ሐሊም ኤል ዳብ ሕይወትና ሥራ

ባለፈው ክረምት በአንድ ዝናባማ ማታ፥ ከሥራ ባልደረቦቻችን አንዱ በእጅ ስልኩ ያኖረውን የሁለት ደቂቃ ድምፅ አሰማን። አድማጮቹ አራት ነበርን። አንዱ፥ በሊማሊሞ ገደል የሚያፏጭ ነፋስ ነው አለ፤ ሁለተኛው፥ ሌሊት ከሩቅ የሚሰማ የማኅሌት ዜማ መሰለው፤ ሦስተኛው ስልኩ ተበላሽቷል ብሎ ሳቀ። እኛ በበኩላችን፥ ከሚያስተጋባው ጩኸት በስተጀርባ የሴቶች ድምፅ ያለ ስለ መሰለን ጆሯችንን አቅንተን አደመጥን።

ነገሩ በተገለጠ ጊዜ ግን የሳቀውም ሳቁን ተወ። ድምፁ በ1944 ዓ.ም. በካይሮ ከተማ በተደረገ የዛር ሥርዓት ላይ ሴቶች ያዜሙት ነበረ። ያንን ድምፅ ቀርጾ፥ አጣርቶ፥ የሙዚቃ ድርሰት ያደረገው ደግሞ ዕድሜው ገና ሃያዎቹን የጀመረ ሐሊም ኤል ዳብ የተባለ ግብጻዊ ነው። ይኸው ሰው ከ18 ዓመት በኋላ ወደ አገራችን መጥቶ፥ መሰንቆንና ክራርን፥ ዋሽንትንና በገናን፥ እምቢልታንና ከበሮን በአንድ መድረክ ያሰለፈውን «ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን» አቋቋመ። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልን።)

ስለ ፕሮፌሰር ሐሊም የሚጻፈው ነገር አብዛኛውን ጊዜ «የመጀመሪያው» በሚል ቃል የታሰረ ነው። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር በፓሪስ ራዲዮ የባቡርንና የዕቃን ድምፅ እየቀረጸ ሙዚቃ ያደረገው በ1948 ስለ ሆነ፥ ካይሮ ፓሪስን በአራት ዓመት ቀድማለች ይባላል። ነገሩ እውነት ነው፤ ለአፍሪቃም የማያሳፍር ክብር ነው። ነገር ግን የአንድን ሰው ሥራ በቀዳሚነት ብቻ መመዘን፥ ፈረስን በጉግስ ሜዳ ላይ ብቻ አይቶ እንደ መግዛት ነው። ስለዚህ እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው፥ እኒህ ሰው ከካይሮው የዛር ቤት እስከ አዲስ አበባው ኦርኬስትራ ድረስ ከባለ ዜማዎቹ ሰዎች ጋር የነበራቸውን ግንኙነት ነው።

ፕሮፌሰር ሐሊም በመጋቢት 1921 በካይሮ ከአንድ የቅብጥ ክርስቲያን ቤተ ሰብ ተወለዱ። በቤታቸው ፒያኖም ከበሮም ይመታ ነበረ፤ የተማሩት ግን የእርሻ ምሕንድስና ሲሆን በ1945 ከካይሮው ዩኒቨርሲቲ በዚሁ ትምህርት ተመረቁ። ገና የ11 ዓመት ልጅ ሳሉ፥ በ1932፥ በከተማቸው ታላቁ የዐረብ ሙዚቃ ጉባኤ ተደረገ። ወደዚያም ጉባኤ እንደ ባርቶክና እንደ ሂንደሚት ያሉ ስመ ጥሩ የአውሮፓ ዜማ ደራስያን መጥተው ነበረ። የአጋጣሚ ነገር ሆኖ በዚያው ዓመት ከዳካር እስከ ጅቡቲ አህጉሪቱን ያቋረጠው የፈረንሳዮች የጥናት ጓድ በጎንደር ከተማ ሰፍሮ ነበር። ከጓዱ አባሎች አንዱ የነበረው ጸሐፊው ሚሼል ሌሪስ፥ በአንዲት የጎንደር ባለ ዛር ሴት ቤት ወራት ሙሉ እየተመላለሰ የሚታየውንና የሚሰማውን በማስታወሻው ይመዘግብ ነበረ። ከዚያም በ1958 የጎንደርን ዛር ከቲያትር ጋር ያነጻጸረበትን መጽሐፍ አሳተመ። እንግዲህ በአንድ ዘመን በዓባይ ወንዝ ላይኛውና ታችኛው ጫፍ፥ ዛር የእንግዳን ጆሮ ይስብ ነበረ ማለት ነው።

የዛር ሥርዓት ከኢትዮጵያ ተነሥቶ በሱዳን በኩል ወደ ግብጽ እንደ ወረደ ብዙ ሊቃውንት ጽፈዋል። በሱዳን ዛር ውስጥም «ሐበሽ» የሚባል የመናፍስት ወገን አለ። ኢጣሊያዊው ሊቅ ኤንሪኮ ቼሩሊ ቃሉን ከአገውና ከሌሎች ኩሻውያን ሕዝቦች የሰማይ አምላክ ስም ጋር አዛምዶታል። ይህ ትክክል ከሆነ ምንጩ ከጎንደር ዙሪያ ብዙ አይርቅም። ቤተ ክርስቲያን ታወግዘዋለች፤ የተማረውም ሰው ያፍርበታል፤ ይሁን እንጂ ጎንደሬ ሆኖ ስሙን ያልሰማ የለም።

ወደ ድርሰቱ እንመለስ። ወጣቱ ሐሊም በካይሮ ከሚገኘው የመካከለኛው ምሥራቅ ራዲዮ ጣቢያ፥ ድምፅን በቀጭን የብረት ሽቦ ላይ የሚቀርጽ ከባድ መሣሪያ ተዋሱ። የዛሩ ሥርዓት የሴቶች ስለ ነበረ ራሳቸውን ተከናንበው ከአንድ ጓደኛቸው ጋር ተደብቀው እንደ ገቡ ራሳቸው ደጋግመው ተናግረዋል። የቀረጹትን ይዘው ወደ ራዲዮ ጣቢያው ተመለሱና፥ ግድግዳው በሚንቀሳቀስ ክፍልና በማስተጋቢያ ክፍል እያሳለፉ፥ ከድምፁ ዋናውን ወፍራም ቃና ቀንሰው፥ ከላይ የሚንሳፈፈውን ረቂቅ ንዝረት ብቻ አስቀሩ። ዛሬ በእጃችን ያለው የዚያ ሥራ ቁራጭ ነው። ድርሰቱ «የዛር መግለጫ» እንደ ማለት ያለ ስም ነበረው፤ በ1944 በካይሮ ለሕዝብ ተሰማ።

ስለ ድምፁ ውበት ክርክር የለንም። ደጋግመን በሰማነው ቁጥር፥ መጀመሪያ ጩኸት የመሰለን ነገር እንደ ጉም እየተገለጠ፥ አንዱ ድምፅ ከሌላው ሲወጣና ሲገባ ይታወቀናል። የደራሲው አሳብም ግልጽ ነው፤ የሰው ድምፅ በውስጡ ሌላ ድምፅ ተሸክሟል፥ ያንን ለማግኘት ላዩን መላጥ ያስፈልጋል ነው የሚሉት። ይህ የረቂቅ ጆሮ ሥራ ነው።

ነገር ግን አንድ ነገር አሳስቦን ነበረና፥ ከሰፈራችን ለአንዲት አሮጊት ድምፁን ወስደን አሰማናቸው። እኒህ እናት በልጅነታቸው በዛር ቤት ቡና ሲያፈሉ የኖሩ፥ ኋላ ንስሐ ገብተው የተዉ ናቸው። ስልኩን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያም፥ «የኔ ልጅ፥ ይህ የማን ፉከራ ነው?» ብለው ጠየቁን። የማንም አይደለም እማማ፥ ቃሉ ተጣርቶ ወጥቷል ብንላቸው፥ «እንዲያማ ከሆነ ማን እንደ ወረደ በምን ይታወቃል?» አሉና ስልኩን መለሱልን።

ይህች ጥያቄ ከብዙ የሙዚቃ ሐተታ ትበልጣለች። በጎንደር ዛር ሥርዓት ከበሮና ጭብጨባ መጥሪያ ናቸው፤ ጉሪውም የአካል ምልክት ነው። ዛሩ ማንነቱን የሚገልጠው ግን በፉከራው ነው። እያንዳንዱ ዛር የራሱ ስም፥ የራሱ ወገንና የራሱ ፉከራ አለው፤ «ፈረሱ» የሆነችው ሴት ያንን ፉከራ ስታሰማ ነው ሰው ሁሉ ለይቶ የሚያውቀው፤ እንደ ማዕረጉም የሚያስተናግደው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በጎንደር የተቀመጠው አሜሪካዊው የሰው ልጅ ባሕል ተመራማሪ ሳይመን ሜሲንግ በ1958 ባወጣው ጽሑፍ እንዳመለከተው፥ የዛር ማኅበር ለተናቀችና ለተገፋች ሴት መደመጫ ነው። በቤቷ ቃል የሌላት ሴት በዛሩ ስም ትናገራለች፤ ባሏም ይሰማታል። እንግዲህ የዚህች ሴት ትርፍ ቃሏ ከሆነ፥ ቃሏን አጥቦ ንዝረቷን ብቻ የሚያስቀር ሙዚቃ ምኗን አስቀረላት? የካይሮዎቹ ሴቶች ስም አልተጻፈም፤ ፈቃዳቸውም አልተጠየቀም፤ የተገባውም ተደብቆ ነው። ደራሲው ወጣት ነበሩ፥ ዘመኑም እንዲህ ያለውን ነገር አይጠይቅም ነበር ይባል ይሆናል። እንቀበላለን፤ ነገር ግን ጉድለቱን ጉድለት ከማለት አንመለስም።

ከዚህ በኋላ ያለው የፕሮፌሰር ሐሊም ጉዞ ፈጣን ነው። በ1949 በካይሮ ባሰሙት የፒያኖ ድርሰት ስማቸው ገነነ፤ በ1950 የትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ ከኤርነስት ክሬኔክና ከአሮን ኮፕላንድ ዘንድ ተማሩ። በ1958 ለዳንስ ሊቋ ለማርታ ግራም «ክሊተምኔስትራ» ለተባለው ታላቅ ሥራዋ ሙዚቃውን ደረሱ። በ1959 ኮሎምቢያና ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዎች በኒው ዮርክ ባቋቋሙት የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ገብተው «ለይላና ባለቅኔው» የተባለውን ድርሰት ሠሩ። ለጊዛ ፒራሚዶች የማታ የብርሃንና የድምፅ ትርዒት ሙዚቃውን ያዘጋጁትም እርሳቸው ናቸው። የግብጽ ከበሮ የእጅ አመታት በጽሑፍ የሚያዝበትን ምልክትም አበጅተዋል።

በዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ዜማን በምልክት ማስያዝ ለእኛ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። ከቅዱስ ያሬድ የወረስናቸው ግዕዝ፥ ዕዝልና አራራይ ለብዙ መቶ ዓመታት ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በቃል ሲወርዱ ኖረው፥ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት አበጁ። በዚያ ዘመን ይህ ድፍረት ያልመሰለው መምህር ነበረ ብሎ ለማመን ይቸግራል። ዛሬ ግን የጎንደር በአታ የአቋቋም ሊቃውንት ያለ ምልክት ድጓ ሲመሩ ማን አይቷል? ያሬድም ቢሆን የሕይወቱን ፍጻሜ በሰሜን ተራሮች እንዳሳለፈ ገድሉ ይነግረናል፤ ከእርሱ በፊት ያልነበረ ዜማ ያመጣ ሰው ነበርና በዘመኑ ሞካሪ ቢባል ስድብ አይሆንበትም። ይህንን የምንለው፥ «ሙከራ» የሚል ቃል በሰሙ ቁጥር ቅርስ ሊፈርስ ነው ለሚሉ ወንድሞቻችን ነው።

ፕሮፌሰር ሐሊም ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በ1962 ነው። በዚያን ጊዜ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከተመሠረተ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። በከተማው የነበረው የሙዚቃ ዘመናዊነት የወታደርና የፖሊስ ባንድ፥ ሳክስፎንና ጥሩምባ ነበረ። አዝማሪ በጠጅ ቤት፥ በገነኛ በጾም ወራት፥ እረኛ ከዋሽንቱ ጋር በደጋው ሜዳ፥ እያንዳንዱ በየስፍራው ይኖር ነበረ። ከኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ክፍል የመጣ ሰው የመሣሪያ ክፍል ያቋቁማል ተብሎ ቢጠበቅ ባላስገረመ። እርሳቸው ግን ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ባለ ሙያዎችን ሰብስበው በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረቱ። ለእኛ የሕይወታቸው ታላቁ ሙከራ ይህ ነው።

ሙከራ ያልንበት ምክንያት ለሙያው ሰው ግልጽ ነው፤ ለሌላው ግን ማብራራት ይገባናል። ዋሽንት አራት ቀዳዳ ያለው ሸምበቆ ነው፤ ድምፁ በቁመቱ ስለሚወሰን ዋሽንተኛው ልዩ ልዩ ቁመት ያላቸውን ይዞ ይዞራል። መሰንቆ ከፈረስ ጭራ የተሠራች አንዲት አውታር ብቻ ስላለችው የሚከተለው የአዝማሪውን ጉሮሮ ነው፤ ጉሮሮው ዛሬ ከፍ ካለ ከፍ፥ ዝቅ ካለ ዝቅ ይላል። ክራር በአምስት ወይም በስድስት ክር በትዝታ፥ በባቲ፥ በአምባሰል ወይም በአንቺ ሆዬ ይቃኛል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ እንደ ገና መቃኘት አለበት። በገና አሥር አውታሮች አሉት፤ ድምፁ ወፍራምና ለብቻ ጸሎት የተሠራ ስለ ሆነ በከበሮ ፊት ይሰወራል። እነዚህ ሁሉ አብረው እንዲሰሙ አስቀድሞ አንድ የጋራ መነሻ ድምፅ መወሰን፥ ከዚያም ማን መቼ ዝም እንደሚል መስማማት ያስፈልጋል። ብቻውን ንጉሥ ሆኖ የኖረ አዝማሪ ተራ መጠበቅን መማር ነበረበት ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለዚህ ሥራ የተዘጋጀው እምቢልታ ይመስለናል። እምቢልታ የሚነፋ ሰው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ነው የሚያወጣው፤ ዜማው የሚገኘው ብዙዎቹ እየተቀባበሉ ሲነፉ ነው። በጎንደር ነገሥታት ፊት ከነጋሪትና ከመለከት ጋር ይሰማ የነበረው ይህ መሣሪያ፥ መተባበርን ከኦርኬስትራ በፊት ያውቅ ነበረ። ስለዚህ በአገራችን መሣሪያ ሁሉ ብቸኛ ነው የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው።

በዚያው ዘመን የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራች አሸናፊ ከበደ ሌላ መንገድ ይዘው ነበር። በ1967 የተሰማው «እረኛው ዋሽንተኛ» የተባለው ድርሰታቸው የእረኛውን ዜማ ወደ አውሮፓ መሣሪያዎች አሻግሮ አስገባው። ድርሰቱ ውብ ነው፤ በደባርቅና በዳባት ደጋ ላደገ ሰው የጠዋቱን ብርድ ያስታውሰዋል። ነገር ግን እረኛው ራሱ በዚያ ኦርኬስትራ ውስጥ ወንበር የለውም። ግብጻዊው ሐሊም ደግሞ ዜማውን ሳይሆን ባለ ዜማውን አስገቡ። በካይሮ የሴቶቹን ድምፅ ከሴቶቹ ለይተው የወሰዱ ሰው፥ በአዲስ አበባ ሰውየውን ከነመሣሪያው፥ ከነስሙና ከነመንደሩ መድረክ ላይ አወጡት። አዝማሪ በተናቀበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ልጅ መሰንቆ ሲያነሣ አባት ዱላ ያነሣ እንደ ነበረ የማያውቅ ጎንደሬ ካለ ይንገረን፤ ከዩኒቨርሲቲ አዳራሽ የተቀመጠ አዝማሪ ግን በመምህራንና በሹማምንት ፊት ባለ ሙያ ተባለ።

ይሁን እንጂ ዋጋ ተከፍሎበታል። አዝማሪ ማለት መሰንቆ ብቻ አይደለም፤ ምላሱም ነው። በጎንደር አዝማሪ ቤት እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ሲወረውር፥ አዝማሪው ተቀብሎ፥ አስውቦ፥ አንዳንድ ጊዜም ሰም ለብሶ ወርቁን ወደ ወርዋሪው መልሶ ይወጋበታል። በዚያች ሌሊት ለዚያ ሰው የተባለው ነገር በማግስቱ አይደገምም። በኦርኬስትራ ግን ዜማው ተዘጋጅቷል፥ ተራው ተወስኗል፥ ተመልካቹ በጨለማ ተቀምጦ ማጨብጨብ እንጂ መወርወር አይችልም። አሥራ አምስት ሰው በአንድነት ሲጫወት አንዱ እንዳሻው ስንኝ ልጨምር ቢል ሌላው ሁሉ ይደነቃቀፋል። ስለዚህ ኦርኬስትራው ለአዝማሪው ክብር ሰጥቶ ነፃ ምላሱን ተቀበለው። ከዚህ ልውውጥ ማን እንዳተረፈ እስከ ዛሬ እናመነታለን፤ በአንዱ ቀን እንዲህ፥ በሌላው ቀን እንዲያ ይመስለናል።

ፕሮፌሰር ሐሊም በ1964 ከአገራችን ወጡ። ሥራው ግን አልቆመም፤ ከእርሳቸው በኋላ ጆን ኮ፥ ከዚያም ተስፋዬ ለማ መሩት። አቶ ተስፋዬ ትርዒቱን ከቲያትርና ከቀልድ ጋር አዋሕደው ለሕዝብ አቀረቡት። በ1969 ከኦርኬስትራው የተውጣጣ ቡድን፥ መሰንቆን በአገራችን ከተማረው አሜሪካዊ ከቻርልስ ሰተን ጋር አሜሪካን ዞሮ፥ በኤድ ሰሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ታየ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ኦርኬስትራው ተበተነ። ቅጂዎቹ በ2007 በፈረንሳይ በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ሸክላ 23ኛ ቁጥር ሆነው እንደ ገና ታተሙ። የራሳችንን ድምፅ ከፓሪስ መልሰን መግዛታችን የሚያስተዛዝብ ነገር ነው፤ ለዚህ ግን ተጠያቂው አሳታሚው አይደለም።

መሥራቹም ወደ አሜሪካ ተመልሰው በሃዋርድ፥ ከ1969 ጀምሮ ደግሞ በኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በግንቦት 1970 ወታደሮች በዚያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አራት ተማሪዎችን በጥይት በገደሉ ጊዜ፥ በማግስቱ ዓመት «ዝንቦች» የሚል ኦፔራ ደረሱበት። በ1991 ጡረታ ወጡ፤ በመስከረም 2017 መባቻ በ96 ዓመታቸው አረፉ።

ይህንን ጽሑፍ ከመጨረሳችን በፊት ወደ እኒያ እናት ተመለስን፤ ከኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ቅጂዎች አንዱን ይዘን ነበርና አሰማናቸው። ገና መሰንቆው እንደ ተሰማ ፊታቸው በራ፤ ዋሽንቱ ሲገባ በእጃቸው ጉልበታቸውን መምታት ጀመሩ፤ ከበሮው ግን በዝቷል አሉ። ዜማው ሲያልቅ፥ «መሰንቆውን የሚመታው ማነው?» ብለው ጠየቁን። በዚህ ጊዜ የምንመልሰው ስም ነበረን፤ ጌታመሳይ አበበ ይባላል አልናቸው።

«የየት አገር ልጅ ነው?» አሉን፥ ስልኩን ሳይመልሱ።